ያልያዘው ፍሬን

ካራቫኑ ያልቆመው በሙራድ ጥፋት ነው፤ የሚባረረው ግን ኃይለ ማርያም ነው። ራቢያ መባረሩን የሰማችው ቅዳሜ ጠዋት፣ በፋሻ የተጠቀለለ ቀኝ እጇን ከውሃ አርቃ በግራዋ የሻይ ብርጭቆ ስታለቀልቅ ነው። በወጥ ቤቱና በሳሎኑ መካከል ሳህን የሚተላለፍባት ትንሽ መስኮት አለች። በዚያች መስኮት በኩል ሠራተኛ የማይሰማው ነገር የለም፤ አሠሪም ሠራተኛ ይሰማኛል ብሎ አያስብም። ባባ ሰልማን ስልኩን እየነካካ፣ «የመጨረሻ መውጫ ቪዛውን፣ ኹሩጁን፣ ዛሬ እጨርስለታለሁ፤ ሌባ ሹፌር ቤቴ አያድርም» አለ። ሚስቱ ማዳም ናፊሳ አልተቃወመችም። እሷን ያሳሰባት እሑድ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስ ሰው መጥፋቱ ነው። ቀጥላ ደግሞ ከእናቷ የወረሰቻቸውን ሳህኖች አነሣች፤ ዛሬ እንደዚያ ያለ ሳህን በምንም ዋጋ አይገኝም አለች። ሳህኖቹ በተሰበሩበት ካራቫን ውስጥ ራቢያም እንደነበረች ሁለቱም አላነሡም። ራቢያ አልገረማትም፤ የገረማት፣ ይህን ሁሉ ሰምታ እጇ ብርጭቆ ማለቅለቁን አለማቆሙ ነው።

የሆነው ሐሙስ ከአስር ሰላት በኋላ ነው። ብርዱ ሲገባ የሪያድ ሰው በረሃ ወጥቶ ማደር ይወዳል፤ «ከሽታ» ይሉታል። ባባ ሰልማን ዘንድሮ ድንኳን አልበቃ ብሎት አልጋ፣ ምድጃና ማቀዝቀዣ ያለው ካራቫን ገዝቶ ነበር፤ አዲስ ሳይሆን ሰው የተገለገለበት። ፒክአፑ በልጆች፣ በፍራሽና በማገዶ ሲሞላ ለራቢያ ቦታ ጠፋ። ማዳም፣ «አንቺ ካራቫኑ ውስጥ ሁኚ፤ የሳህኑን ቁም ሳጥን ያዢ» አለቻት። ገብታ ያዘች። ከሚኖሩበት ሰፈር፣ ከነሲም፣ ሳይወጡ፣ ዳገቷ ላይ ያለችው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ካራቫኑን አነጠረችው። ራቢያ በፊት ለፊቱ መስኮት ፒክአፑ ሲርቅ አየች። መጀመሪያ ያሰበችው፣ ኃይለ ማርያም ዛሬ ምን ነክቶት ነው እንዲህ የሚያበረው ብላ ነው። የምትርቀው እሷ መሆኗ የገባት ማቀዝቀዣው ተከፍቶ እርጎውን ሲደፋባት ነው። ካራቫኑ ቁልቁል ወደ ኋላ ተንደርድሮ ከጎረቤት አጥር ጋር ተላተመ። ቁም ሳጥኑን ያዢ ስለተባለች አልለቀቀችም ነበር፤ የእጇ አንጓ የተሰነጠቀው ለዚያ ነው።

ዓርብ ዕለት ካራቫኑን የሸጠው ሰው መጥቶ አየው። ተንበርክኮ የመጎተቻውን ክንድ መረመረ። መቆለፊያው አርጅቶ ይሁን ሳይቆለፍ ቀርቶ፣ መናገር አልቻለም። አንድ ነገር ግን አረጋገጠ። ክንዱ ላይ የታሰረችውን ትንሽ ሳጥን ከፍቶ ባዶዋን አሳያቸው። «እዚህ ውስጥ ትንሽ ባትሪ ነበረች» አለ። «ካራቫኑ ከመኪናው ከተለየ ይህች ገመድ ትመዘዛለች፤ ገመዷ ስትመዘዝ ባትሪዋ ለፍሬኑ ኤሌክትሪክ ትሰጣለች፤ ብዙ ሳይሄድ ይቆማል። ባትሪዋ የት አለች?» ባባ ሰልማን ዞሮ ኃይለ ማርያምን አየው። ካራቫኑን የሚያስገባ የሚያስወጣው፣ ቁልፍ የሚይዘው እሱ ነው። ስለዚህ ለባባ፣ ባትሪዋን ሸጦ የበላት እሱ ነው፤ መቆለፊያውን ያልቆለፈውም እሱ ነው። ክርስቲያኑ ኃይለ ማርያም ደጋግሞ «ወላሂ» እያለ ማለ። «ቆልፌዋለሁ። በእግሬ ረግጬ፣ በእጄ ስቤ አይቼዋለሁ።» ራቢያ ይህን ታምናለች። ኃይለ ማርያም የዘጋውን ነገር ሁሉ አንድ ጊዜ ሳብ አድርጎ ሳያረጋግጥ የማይሄድ ሰው ነው፤ የመኪና በር ይሁን፣ የግቢ በር ይሁን፣ የውሃ ታንከር ክዳን ይሁን። የቤቱ ልጆች ከኋላው እየተከተሉ የዘጋውን በር እነሱም እየሳቡ ያሾፉበታል። እሷም ብትሆን፣ «ወንድሜ፣ በሩ ምን በድሎህ ነው የምትጎትተው?» እያለች ትስቅበት ነበር።

ባትሪዋ የት እንዳለች የምታውቀው ራቢያ ናት። ባዲዓ ሰፈር ናት፤ ታናሽ ወንድሟ ሙራድ ተቀጥሮ በሚሠራበት ጋራዥ፤ ወርሻ ይሉታል። ባባ ሰልማን ካራቫኑን የገዛ ሰሞን ኃይለ ማርያምን፣ ፒክአፑን ጋራዥ ወስደህ የፍሬኑንና የመብራቱን መስመር አዘርጋ ብሎ አዞት ነበር። «ሙራድ ይሥራው፤ በዚህ ሥራ እሱን የሚስተካከል የለም» ብላ የለመነችው ራቢያ ናት። እውነትም ሙራድ ኮምቦልቻ እያለ የከባድ መኪና ኤሌክትሪሽያን ነበር። ችግሩ በየመን በኩል፣ በጀልባና በእግሩ የገባ መሆኑ ነው፤ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለውም። ኃይለ ማርያም ትንሽ አንገራገረና፣ «የአገር ልጅ ነው፤ ይሥራ» አለ። ለባባ የነገረው፣ አንድ የባዲዓ ሠራተኛ ቤት መጥቶ እንደሠራው ብቻ ነው።

ሙራድ ማክሰኞ መጣ። ግቢው ውስጥ ካርቶን አንጥፎ ከፒክአፑ ሥር ገባ። ከመኪናው ባትሪ ተነሥቶ ወፍራም ሽቦ ዘረጋ፤ ፊውዝ አስገባለት። ከመሪው ፊት ካለው ክሩስኮት ሥር፣ ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ለካራቫኑ ጎማዎች ኤሌክትሪክ መጥና የምትልከውን ትንሽ መቆጣጠሪያ አሰረ። ከዚያ እስከ ኋላው ሶኬት ሽቦዎቹን በቢጫ ፕላስተር እየጠቀለለ ወሰዳቸው። የፕላስተሩን ጥቅል የያዘለት ኃይለ ማርያም ነው፤ ቁጢጥ ብሎ፣ «አንተ ልጅ፣ ሽቦ እንደ ሙሽራ ጸጉር ትጎነጉናለህ እንዴ?» እያለ። ሲሞከር ሁሉም ሠራ። ፍሬቻው በራ፣ የፍሬን መብራቱ በራ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ የካራቫኑ ጎማ ጭብጥ አለ። ራቢያን የሚቆጫት ይኸው ነው። ሥራው የዝርክርክ ሰው ሥራ ቢሆን ኖሮ ትጠረጥር ነበር። ኃይለ ማርያም ልጆቹን ከትምህርት ቤት ሊያመጣ እንደወጣ፣ ሙራድ ክንዱ ላይ ያለችውን ሳጥን ከፈተና ባትሪዋን አወጣት። «ይቺ ደግሞ ምን ትሠራለች?» ብሎ ሳቀ። እሱ የሚያውቀው የጅቡቲ መንገድ ተሳቢ ነው። «የእኛ ተሳቢ ፍሬኑ በንፋስ ነው። ከመኪናው ከተለየ ቱቦው ይበጠሳል፤ ንፋሱ ሲወጣ ፍሬኑ ራሱ ይነክሳል። ተሳቢ ብቻውን ሲሄድ አይተሽ ታውቂያለሽ? ሀብታም ትርፍ ዕቃ ይወዳል።» ለመብራት መፈተሻ ትሆነኛለች፣ ልውሰዳት ወይ አላት። ራቢያ በዚያ ግቢ ውስጥ «ውሰድ» ብላ ለሰው የምትሰጠው ነገር ኖሯት አያውቅም። «ውሰዳት» አለችው። «እዚህ ቤት ደህናውን ፍሪጅ ይጥሉ የለም እንዴ!» ከተረፈ ሩዝ ጋር በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ ራሷ እስከ በሩ ሸኘችው።

ብርጭቆዎቹን ደርድራ ሳሎን ገባችና እጇ እንዳበጠ፣ ክሊኒክ መሄድ እንደምትፈልግ ተናገረች። ማዳም ቀና ሳትል፣ «ከሹፌሩ ጋር ሂጂ፤ እስከ ማታ የሚበላው የእኛን ነው፣ ይሥራበት። ስትመለሱ ዳቦና እርጎ አምጡ» አለች። የኃይለ ማርያም ክፍል የግቢው በር አጠገብ ናት፤ አንድ አልጋ ገብቶባት ለሁለተኛ ነገር ቦታ የሌላት። በሯ ተከፍቶ ነበር። አልጋው ላይ ሻንጣ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ ሸሚዞቹ ተጣጥፈው ገብተዋል። ወለሉ ላይ ፉል የበላበት ድስት አለ፤ የገና ጾም ከገባ ጀምሮ ከፉል ሌላ ነገር አልቀመሰም። ግድግዳው ላይ የነበረችው ትንሽ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ተነሥታለች፤ የቀረው የሚስማሩ ቀዳዳ ነው። ጠዋት እሷ በመስኮቱ የሰማችውን እሱ ከእሷ በፊት ያውቅ ኖሯል። ወጣ፣ በሩን ዘጋ፣ አንድ ጊዜ ሳብ አደረገው፣ «ያላ እህቴ፣ እንሂድ» አለ።

መኪና ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ደብረ ታቦር ያለችው እህቱ ቃልኪዳን ናት። መሪ እንደያዘ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነሣው። «ወንድም ጋሼ፣ ግድግዳው ተለስኗል! የቀረው ቆርቆሮው ብቻ ነው። ዋጋው በየቀኑ ነው የሚጨምረው፤ ዝናብ ሳይመጣ ቢገባ…» አለች፤ ከኋላዋ የሚጫወቱ ልጆች ይሰማሉ። «እሺ የኔ እናት፣ እናየዋለን» አላት። ስለ ጤናዋ፣ ስለ ላሟ፣ ስለ ጎረቤት ለቅሶ ጠየቃት። ስለ ራሱ ምንም አልነገራትም። ስልኩን ሲዘጋ ለራቢያ ሳይሆን ለመንገዱ የሚናገር መስሎ፣ «ሻንጣዬን ይዤ በሯ ላይ ስቆም ታየዋለች» አለ። ራቢያ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። የነሲም መንገድ ቅዳሜ ጠዋት ባዶ ነው፤ ሱቆቹ ገና መዝጊያቸውን ግማሽ ድረስ እንዳነሡ ናቸው።

ክሊኒኩ ብዙ አላቆያቸውም። ነርሷ ፋሻውን ፈትታ፣ አይታ፣ መልሳ ጠቀለለችው፤ ከባድ ነገር እንዳታነሺ ብላ አስጠነቀቀቻት። ራቢያ እሺ አለች፤ አለማንሣት የሚቻልበት ቤት እንደምትኖር ሁሉ። ወደ መኪናው ስትመለስ ኃይለ ማርያም ሞተሩን አላስነሣም። «ራቢያ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ» አለ። «በባዲዓ እንለፍና ወንድምሽን ጠይቂልኝ። ሲሠራ ባትሪዋ ሳጥኗ ውስጥ ነበረች ወይ? ነበረች ካለ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ካራቫኑ ውጭ ሲያድር የመንገድ ሌባ ወስዷታል ማለት ነው። አልነበረችም ካለም ሻጩ ዋሽቷል። ስሙን አልጠራም፤ አትስጊ። ትናንት ባባ ማን ሠራው፣ ስልኩን አምጣ ብሎ ሲያፋጥጠኝ እንኳ አላውቀውም ብያለሁ። ለሰባት ዓመት ያገለገልኩት ሰው ሌባ ሲለኝ፣ ለራሴ እንኳ እንዴት እንደሆነ ልወቀው ብዬ ነው።» ራቢያ «እሺ» አለች። መናገር የነበረባት ያኔ ነው። ከክሊኒኩ እስከ ባዲዓ ብዙ የትራፊክ መብራት አለ፤ በየመብራቱ ሲቆሙ አሁን እነግረዋለሁ ትላለች፤ መብራቱ ሲለቅ ደግሞ መጀመሪያ ሙራድን ላናግረው ትላለች። ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው የሚያውቃት ቸኩላ በመናገር ነው፤ ልጆቹ አረብኛዋ ሲፈጥንባቸው «ሬዲዮ» ይሏታል። በዚያ መንገድ ላይ ግን አንዲት ቃል አልወጣትም።

ባዲዓ ወርሻዎቹ ተደርድረው ነው ያሉት፤ የጎማ፣ የራዲያተር፣ የመስታወት፣ የኤሌክትሪክ። መኪና ማቆሚያ ስለሌለ ኃይለ ማርያም ሁለተኛ ረድፍ ላይ ቆመ፤ ሰው ጥሩምባ ሲያጮህበት ፈቀቅ እንዲል መሪውን እንደያዘ ቀረ። ወርሻው በር ላይ የሙራድ የሥራ ባልደረባ ሳዲቅ ሻይ ይጠጣል። «እህታችን፣ እንኳን መጣሽ፣ አስታርቂን! ከትናንት ጀምሮ እንደ አማት አኩርፎ ሩዙን ሁሉ እኔ ጨረስኩት» አለ። እጇን ሲያይ ሳቁን ዋጠና ብርጭቆውን ይዞ ወደ ጎረቤት ወርሻ ዞር አለ። ውስጡ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ሙሉ የሽቦ ጥቅል፣ ወለሉ በዘይት የጠቆረ፣ መደርደሪያው ላይ የማንም ያልሆኑ የመኪና መብራቶች። ሙራድ እሷ ያመጣችለትን ሹራብ ለብሶ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ከኋላው፣ ሥራ መሥሪያው ጠረጴዛ ላይ ባትሪዋ አለች። ሁለት ሽቦ ወጥቶላት አንዲት አምፖል ታስሮባታል፤ ከሽቦዎቹ አንዱ ሥሩ ላይ በቢጫ ፕላስተር ተጠቅልሏል። አምፖሏ በርታለች። ለምን እንደምትበራ ለራቢያ አልገባትም፤ በቀን፣ ለምንም።

«አመመሽ?» አለ ሙራድ።

«ይድናል።»

ውጭ አንድ ሰው መኪና ወደ ኋላ እያስነዳ «ተዓል፣ ተዓል»፣ ና፣ ና ይላል። ሙራድ አምፖሏን እያየ፣ «ትናንት ደውለሽ ስትነግሪኝ በስልክ ቪዲዮ ፈልጌ አየሁት» አለ። «አንድ ሰውዬ ቀስ አድርጎ ያሳያል። የእነሱ ፍሬን የሚነክሰው በኤሌክትሪክ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ይለቃል። ከእኛው ግልብጡ ነው፣ እታለም። የእኛ ሲበጠስ ይይዛል፤ የእነሱ ሲበጠስ ይለቃል። ለዚያ ነው ባትሪ የሚያስፈልገው። ማክሰኞ ጠዋት ሻይ እየጠጣሁ ላየው እችል ነበር። የማውቀው መስሎኝ…» አልጨረሰውም። ራቢያ የመጣችው ልትቆጣው ነበር። ግን ስሕተቱን አንጠልጥሎ ሲያሳያት የምትቆጣበት ቦታ አጣች። እሱ አላወቀም ነበር፤ እሷ ግን የሰው ዕቃ መሆኑን እያወቀች ነው «ውሰዳት» ያለችው።

«ኃይለ ማርያም ውጭ መኪና ውስጥ ነው» አለች። «ና ውጣና ለእሱ ንገረው። ለባባ አይደለም፤ ለእሱ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ያውቀዋል። ሌባ እየተባለ አይሄድም።»

«ካወቀ ለምን ይሸከምልኛል? እኔ ብሆን አልሸከምም። ማታውን ለባባሽ ይነግረዋል፤ በሳምንቱ ተርሒል ነኝ» አለ፤ መባረሪያ እስር ቤቱን ሲጠራ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እሱ ቢሄድ በአውሮፕላን ነው፣ ሻንጣውን ይዞ። ወረቀት አለው፤ ሌላ ከፊል፣ ዋስ የሚሆነው አሠሪ፣ አግኝቶ ይመለሳል። እኔ ያንን ባሕር ሁለተኛ አልሻገረውም። ከእኔ ጋር ጀልባ የገባው ሁሉ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። ሁለት ሌሊት ስልኳን ታቅፋ ያደረችው እሷ ናት። «ስሙ ሌባ ተብሎ ማን ከፊል ይሆነዋል?» አለች፤ ድምፅዋ እንደ ጠበቀችው አልጠነከረም። ሙራድ ተነሥቶ አምፖሏን ፈታ፤ ሽቦዎቹን በመቁረጫ ቆረጣቸው፤ ባትሪዋን በጥቁር ፌስታል አደረገና እግሯ ሥር አኖረላት። «ዕቃ ቤት አገኘኋት በይ። ድንኳኑ ሥር ወድቃ። ሌባ መባሉ ይቀርለታል፤ እኔም እተርፋለሁ። ማን ተጎዳ?» ለራቢያ ብልሃት መሰላት። ቸኩላም ነበር፤ ውጭ ጥሩምባ ይጮሃል። ቢሆንም፣ «ቢያንስ ወጥተህ ሰላም በለው። ፕላስተር የያዘልህ ሰው ነው» አለችው። «እጄን ልታጠብና እመጣለሁ» አለ ሙራድ። ወደ ቧንቧው ሄዶ የዘይት ማጠቢያውን ዱቄት ጨብጦ ማሸት ጀመረ። ጣቶቹን አንድ በአንድ አሸ፤ ጥፍሮቹን አሸ፤ ክንዱን እስከ ክርኑ አሸ። ራቢያ ጠበቀችው። እንደገና ዱቄት ሲጨብጥ ፌስታሉን በግራ እጇ አንሥታ ወጣች። ባትሪዋ ትንሽ ናት፣ ግን ከምታስበው በላይ ትከብዳለች።

«ምን አለ?» አላት ኃይለ ማርያም መኪናው እንደተንቀሳቀሰ።

«ትዝ አይለኝም አለ።»

ራሱን ነቀነቀ። ፌስታሉን አየ። «ምን ሰጠሽ?»

«የሚታጠብ ልብስ ነው።»

የተጠቀለለ እጇን ለአፍታ አየና ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። ነሲም ደረሱ። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ዳቦውን እሱ ወርዶ ገዛ፤ ትኩስ ትኩሱን መርጦ፤ እርጎውንም ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን ገልብጦ አየ። ዛሬ ለሚያባርሩት ሰዎች ነው ይህን ሁሉ የሚመርጠው። ራቢያ ፌስታሉን በጉልበቶቿ መካከል አጥብቃ ይዛ ነገሩን በልቧ ትለማመዳለች፤ ድንኳኑን ላራግፍ ገባሁ፤ ምንጣፉን ሳነሣ እግሬን መታኝ። ቤት ሲደርሱ እሱ ዳቦውን ሊያስገባ ሲል በጓሮ በኩል ዕቃ ቤት ገባች። የድንኳኑ ሸራ፣ ምንጣፎቹ፣ ካለፈው ዓመት አሸዋ ያልረገፈላቸው ትራሶች ተከምረዋል። ባትሪዋን ከሥር አስገባች፤ መልሳ አወጣቻት። አቧራ ቀባቻት። ይህን ስታደርግ እንዴት እንደቀለላት ኋላ ሲታወሳት ያማት ነበር፤ ከሁለት ቀን ጭንቀት በኋላ ሁሉንም ሰው ያዳነች መስሏት ነበር።

ባባ ሰልማን ባትሪዋን ከእጇ ተቀብሎ ሳሎኑ መካከል ያለው የመስታወት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣት። ማዳም ናፊሳ ለማየት ስልኳን አስቀመጠች። ራቢያ የተለማመደችውን አንድም ሳታስቀር ተናገረች። በመጨረሻም፣ «ስለዚህ ባባ፣ ሹፌሩ አልሰረቀም» አለች። ባባ ጺሙን አሻሸ። ክፉ ሰው አይደለም፤ በሰው ላይ ሐሰት ተናግሮ ከሆነ የሚጨነቅ ሰው ነው። «አልሐምዱሊላህ» አለ። «ሌባ በማለቴ አላህ ይቅር ይበለኝ።» ከዚያ ባባ ሐሳቡን ቀጠለ። «እንግዲህ ቻርጅ ላደርጋት ብሎ አውጥቶ ዕቃ ቤት ረስቷታል። ባትሪዋን የረሳ ሰው መቆለፊያውንም ይረሳል። አየሽ ናፊሳ፣ ትናንት ሲምልልኝ ልቤ ትንሽ ጠርጥሮ ነበር። አሁን ግልጽ ሆነ።» ወደ ራቢያ ዞሮ፣ «በልጆቼ ላይ ቢሆንስ? ልጆቼ ውስጡ ቢሆኑስ?» አላት። ለእሷ ነው የሚናገረው፤ ውስጡ ለነበረችው። ራቢያ የተለማመደችው ለሌብነቱ ክስ ብቻ ነበር። እውነቱ ብቻ ነበር የቀራት፤ እሱም ባዲዓ ቧንቧ ሥር እጁን ይታጠባል።

ኃይለ ማርያም ተጠርቶ ገባ። ዳቦው አሁንም እጁ ላይ ነበር። ባባ ባትሪዋን አሳየው፤ የት እንደተገኘች ነገረው፤ ሌባ በማለቱ ይቅርታ ጠየቀው፤ ባለማስተዋሉ ግን ቤቱ ሊያቆየው እንደማይችል፣ ኹሩጁም እንዳለቀ በለሰለሰ ድምፅ አስረዳው። ኃይለ ማርያም ጎንበስ ብሎ ባትሪዋን አየ። ሥሯ ላይ፣ ከተቆረጠው ሽቦ ጋር፣ ቢጫ ፕላስተር ተጠቅልሎባታል። ራቢያ ያየችው እሱ ሲያየው ነው። አቧራ ስትቀባ አላስተዋለችውም።

ዳቦውን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀመጠ። ቀና ብሎ በአማርኛ፣ ድምፁን ሳያነሣ፣ «የሚታጠበው ልብስ ይቺ ናት?» አላት።

«ወንድሜ ነው፣ ኃይሌ» አለች። «ምን ላድርግ? ወንድሜ ነው።»

«እኔም የሰው ወንድም ነኝ።»

ማዳም ናፊሳ ከአንዱ ወደ ሌላው አየች። «ምን ይላል?» አለች።

ራቢያ እውነቱን ለመናገር ጊዜ ነበራት። ሁለቱም አሠሪዎቿ ይጠብቋታል፤ ኃይለ ማርያምም ይጠብቃታል። ሬዲዮ የሚሏት ልጅ እንደወትሮዋ ቸኮለች። በአረብኛ፣ «ይቅርታ እየጠየቀ ነው» አለች።

የኃይለ ማርያም አረብኛ ከእሷ ይሻላል። ሊያርማት ይችል ነበር፤ አንድ ስም መጥራት ብቻ ነው። ፊቱ ላይ የጠበቀችው ቁጣ ነበር፤ ያየችው ግን አንድ ነገር ከፍቶ አይቶ ባዶ ሆኖ ያገኘ ሰው ፊት ነው። ከኪሱ የመኪናውን ቁልፍ አወጣ፤ ከባትሪዋ አጠገብ አኖረው። «ኸላስ፣ ባባ» አለ። ወደ በሩ ሄደ፣ ወጣ፣ ከኋላው ቀስ ብሎ ዘጋው። ከዚያ ከውጭ በኩል እጀታው አንድ ጊዜ ሳብ ሲደረግ ራቢያ ሰማች። በሩ በደንብ ተዘግቶ ነበር።